ያልተጠጣው ሻይ

ጓድ ታምሩ ማረፉን የነገረችኝ ሙሉነሽ ናት። ሙሉነሽ ድሮ ባሕር ዳር አብረን ስንሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበረች ወዳጄ ናት። እሷ እዚያው ቀረች፤ እኔ የባለቤቴን ዝውውር ተከትዬ አርባ ምንጭ ገባሁ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ ጡረታም እዚሁ ወጣሁ። ከዚያ አገር ስልክ ሲደወል ሰው ሞቷል ማለት ስለሆነ ገና ድምፅዋን ስሰማ አማተብሁ። ጓድ ታምሩ ዐረፈ፣ ነፍስ ይማር በይ አለችኝ። ነፍስ ይማር አልሁ። የሙት ነፍስ የፈጣሪ ናት፤ እዚያ ውስጥ እኔ አልገባም።

ቀጥላ ግን ሌላ ነገር አመጣች። ለአርባው መታሰቢያ መጽሔት ሊታተም ነው። ያ ስለ ሐይቁ ዳር ወጣቶች የሠራው ፊልም ከአንድ መጋዘን ተገኝቶ በዕለቱ ይታያል። አብረውት የሠሩ ሁሉ የማይረሱትን እየጻፉ ነው፤ አንቺም ጥቂት ነገር ጻፊ አለች። የመጽሔቱ ርእስ ከወዲሁ ተመርጧል፤ «የጭቁኖች ወዳጅ» ይባላል። ይህን ስትነግረኝ ሳቅ አምልጧት ይሁን ሳል ይዟት አላወቅሁም።

እጽፋለሁ አልኋት። ያላየሁትን የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ።

ስለ ሙት ሲጻፍ «እሳቸው» ማለት ደንብ መሆኑን አልሳትሁትም። አገሬ ጎጃም ነው፤ ታላቅን አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁት። ዳሩ ግን አንቱታ የፊውዳል ቅሪት ነው፣ ጓድ ከጓድ እኩል ነው ብሎ አንተ እንድንለው ያዘዘን ራሱ ነው። ትእዛዙን እስከ ዛሬ አልሻርሁም።

ጓድ ታምሩ ጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ሰው ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ደግ ሰው ነበሩ ይባላል። ልጃቸውን ዜማ አስተምረው ለድቁና ካበቁት በኋላ ለዘመናዊ ትምህርት ብሎ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ፤ አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ የፖለቲካ ትምህርት ገብቶ ካድሬ ሆነና ወደ እኛ መሥሪያ ቤት የቅስቀሳ ኃላፊ ተብሎ ተላከ። መፈክር ሲያሰማ መስማት ነበር። ድምፁን ሲያነሣው፣ ሲጥለው፣ ሲያርገበግበው ልክ እንደ ማኅሌት ነው። አባቱ ካወረሱት ዜማ ውስጥ እግዚአብሔርን አስወጥቶ በቦታው ድርጅቱን አስገባበት። ሌሎቹ ድምፁን ያደንቁ ነበር። እኔ ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ሃሌታው ከየት እንደመጣ እያወቅሁ በነጠላዬ ስር አማትብ ነበር። ይህን አንድ ቀን አየኝና «እማሆይ» የሚል ስም አወጣልኝ። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። እማሆይ ደብዳቤው ደረሰ? እማሆይ ዛሬስ ምን ጾም ነው? ሰው ይስቅለታል። ሲሳቅለት ደስ ይለዋል፤ ያለ ሳቅና ያለ ጭብጨባ መኖር የማይችል ሰው ነበር።

ልማዱ ሁለት ነው። አንደኛው የሁለት እጆቹን አውራ ጣትና ሌባ ጣት አገናኝቶ መስኮት ይሠራና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰውን በዚያ ያያል። ሲያናግሩት እንኳ በዚያ መስኮት ነው የሚያይ። ሁለተኛው ፔርሙዙ ነው። ሻይ ከቤቱ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ከፔርሙዙ ክዳን ላይ ይጠጣል። ምነው ጓድ ታምሩ ሲባል ጨጓራዬ ነው ይላል፤ ጨጓራዬ የሰው ብርጭቆ አይወድም። አምነነው ነበር። ጨጓራው የታመመው ሩቂያ በተቀጠረች ሳምንት መሆኑን ልብ ያልሁት ዘግይቶ ነው። ለስብሰባ ወደ ሆቴል ስንሄድ ያ ጨጓራ የቀረበለትን ሁሉ ይጠጣ እንደነበረም ኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ሩቂያ የሻይ ቤታችን ልጅ ናት። በሙከራ ነበር የተቀጠረችው። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ቢሆን ነው፤ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ነጋዴ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይታ ማታ ማታ ትማራለች። ሻይዋ ቀረፋው የማይበዛ፣ ቅርንፉዱ የማይጎላ፣ ልከኛ ሻይ ነው። በየቢሮው ስታዞር ብርጭቆውን ከወረቀት ራቅ አድርጋ ታስቀምጥና በቀኝ እጇ ጠጋ ታደርገዋለች። አሳቧ አንድ ነበር፤ ቋሚ ከሆነች ታናሽ እህቷን ከሐይቁ ዳር አምጥታ ትምህርት ቤት ማስገባት። ይህን ለእኔም ለሙሉነሽም ነግራናለች። ከሐይቁ ዳር ስትል የት እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ ባሕር ዳር ሁሉ ሐይቅ ዳር ነው።

ሩቂያ የነገደ ልጅ ነበረች። አርባ ምንጭ ያሉ ጎረቤቶቼ ስለማያውቁ ልንገራቸው። በጣና ዳር ዳር የሚኖሩ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ከማናችንም በፊት ሐይቁን ያውቁታል የሚባሉ ሰዎች አሉ። ራሳቸውን ነገደ ይላሉ፤ ከተማው ሊያዋርዳቸው ሲፈልግ ወይጦ ይላቸዋል። እስላሞች ናቸው። በአያቶቻቸው ዘመን ጉማሬ ያድኑ፣ ይበሉም ነበር ይባላል። በዚያ የተነሣ ክርስቲያኑ በብርጭቆ አይጋራቸውም፤ እስላሙም አያገባቸውም፣ እንደ እስላም አይቆጥራቸውም። ወጣቶቹ ግን ከተማ ገብተው እንደ ሰው ለብሰው፣ እንደ ሰው ተምረው፣ ማንም ሳያውቃቸው ከሰው ጋር መብላትና መጠጣት ጀምረው ነበር። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልረከሰም። ነገሩ በዝምታ ሊያልፍ ነበር።

ጓድ ታምሩ መጣበት።

ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ አብዮቱ ከተረሱ ብሔረሰቦች ለአንዱ ወጣት ምን እንዳደረገለት የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ይሠራ ተባለ። ካሜራና ካሜራ ያዥ ከአዲስ አበባ ተላከለት። ጓድ ታምሩ ያን ሰሞን በቢሮው ኮሪደር ሲሄድ እግሩ መሬት አይነካም ነበር። የሐይቅ ልጅ ነውና የሩቂያን ማንነት እሱ ብቻ ነበር የሚያውቅ። ጠራትና ሰፈርሽን የምታሳይን አንቺ ነሽ፣ የፊልሙ የመጨረሻ ምስልም አንቺ ነሽ፣ መጽሐፍ ይዘሽ ትታያለሽ አላት። ስሜ ይጠራል ወይ ብላ ጠየቀችው። ስም አይጠራም አላት። ከቀጣሪው ኮሚቴ አንዱ እሱ ነበር፤ ምን ልትል ትችላለች?

እኔ የሄድሁት ጸሐፊ ስለሆንሁ ነው፤ የሚቀረጸውን በተራ እንድጽፍለት። በሄድንበት ዕለት ጠዋት፣ የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ መኪናውን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ሥጋ ቤት አስቆመና እኔን ይዞ ገባ። ባለሥጋ ቤቱ ሽንጥ ሊቆርጥለት ሲል ተው አለው፤ ጠቆር ጠቆር ያለውን ስጠኝ፣ ጉማሬ መምሰል አለበት።

ባለሥጋ ቤቱ ቢላውን ይዞ አየው። «ጉማሬ በልተህ ታውቃለህ ጓድ?»

«እኔማ የት አውቄ!»

«እንግዲያ በምን ለየኸው?»

ጓድ ታምሩ ሳቀና በጣቶቹ መስኮት አየው። ሥጋውን በጋዜጣ ጠቅልዬ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ጭኔ ላይ አድርጌ የሄድሁት እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ስንደርስ ወጣቶቹ ተሰልፈው ጠበቁን። ፎቶ ሊነሡ መሆኑን ሰምተው ነበርና ታጥበው፣ ተቀብተው፣ ያለ የሌለውን ልብስ በካውያ አስተኩሰው ለብሰዋል። አንዱ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዟል። አንዷ የሰው ጫማ ተውሳ ሰፍቷት ስትራመድ ይንሸራተታል። እኔ ሳያቸው ደስ አለኝ፤ የጥምቀት ዕለት የቆሙ ይመስሉ ነበር። ጓድ ታምሩ ጣቶቹን አገናኝቶ ከዳር እስከ ዳር አያቸውና ፊቱ ጠቆረ። «እነዚህማ የከተማ ልጆች ናቸው» አለ ለካሜራ ያዡ። «ጨለማውን ካላሳየን ብርሃኑን ማን ያየዋል?»

ከባሕር ዳር አጠገብ ከመሸንቲ ገበሬዎች የተዋሰውን ቆዳ ከመኪና አስወርዶ አውልቁና ይህን ልበሱ አላቸው። ተያዩ። ሩቂያንም አውልቂ አላት። እኔ በብርሃኑ አይደለም ወይ የምታይ ስትለው፣ ያው ፊት በጨለማም በብርሃንም መታየት አለበት፣ ጥበብ ማለት ይኸው ነው አላት። ለበሰች። ቆዳው ትከሻዋ ላይ እንዳይቀመጥ በሁለት ጣቷ ይዛው ነበር።

ከዚያ እሳት ነደደ፤ ሥጋው ተፈታ። ሼህ ኑሩ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ እስከዚያ ድረስ ዳር ላይ ቆመው ነበር። አሁን ቀረብ አሉ።

«ልጄ፣ ማን ያረደው ነው?»

የደቅ ልጅ፣ የመሪጌታ ልጅ ነው። ክርስቲያን ያረደውን እስላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ ጡት ሳይጥል ነው ያወቀው። ጥያቄው አልጠፋበትም። «አይዋጡትም አባባ» አለ፤ «ወደ አፋቸው ብቻ ያድርጉት። ለፊልም ነው።»

«አፍስ የማን ነው?» አሉ ሼህ ኑሩ።

ጓድ ታምሩ ወደ ካሜራው ዞረ። ልጆቹ ሽማግሌያቸውን አዩ፤ እሳቸው ሩቂያን አዩ፤ ሩቂያ መሬት አየች። የሩቂያ እንጀራ በዚህ ላይ መንጠልጠሉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበርና ሥጋውን አነሡ። ጠቆር ጠቆር ያለውን የበሬ ሥጋ እንደ ታዘዙት እየጎተቱ በጥርሳቸው ያዙ። ካሜራው ሲቆም ሁሉም ባንድ ላይ ዘወር ብለው ተፉት፤ ወደ ሐይቁ ወርደው አፋቸውን በውሃ ተጉመጠመጡ፣ ደጋግመው። ሩቂያ ከሁሉ በኋላ ተመለሰች። ካሜራ ያዡ መትፋታቸውንም መጉመጥመጣቸውንም ቀርጾት ነበር። በፊልሙ ላይ ግን የለም። ጓድ ታምሩ ቆርጦታል።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ተሠርቶ የተመለሰው በሁዳዴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደው ታየ። ከየቀበሌው ሰው ተጠርቶ አዳራሹ ጢም ብሏል። ተራኪው ራሱ ጓድ ታምሩ ነው፤ በዚያ በማኅሌት ድምፁ። ስም አልጠራም፤ ቃሉን ጠበቀ። ወይጦ ብሎ ጀመረና ጉማሬ ብሎ ቀጠለ፤ ከዚያ የሩቂያ ፊት፣ ቆዳ ለብሳ፣ ሥጋ ነክሳ፣ ግድግዳውን ሞላው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ሲሄድ ተሰማኝ። ጩኸት አይደለም። ሰው እርጥብ ነገር ሲረግጥ የሚያሰማት ድምፅ አለች፤ እሷን የመሰለች። ከኋላዬ ያለች ሴት «ወይኔ፣ ይችማ ሻዩን የምታቀርበው አይደለችም?» አለች። ከዚያ ብርሃኑ መጣ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ በመጨረሻም ሩቂያ መጽሐፍ ይዛ ፈገግ ስትል። ያን ያየ ሰው የለም። ሁሉም አንገቱን አዙሮ በጨለማው ውስጥ በር በሩን እያየ እሷን ይፈልግ ነበር። ሩቂያ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሲያልቅ ልታቀርብ የተሞሉ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ይዛ።

ሰው ሲወጣ ትሪውን እንደ እሳት ዞሮት ወጣ። ጓድ ታምሩን ግን ተሸክመውት ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም።

ሰኞ ሩቂያ እንደ ልማዷ ሻይ አዞረች። ማንም አትምጪብኝ አላላትም፤ ሰዎቻችን እንዲያ አይሉም። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይቀበሉና ይተዉታል። በአሥር ሰዓት በየጠረጴዛው ላይ ሙሉ ሻይ ቁሟል፤ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ። እሷ እየዞረች ሰበሰበችው፤ ደፋችው፤ በማግስቱ ደግሞ አዞረች።

እኔ ነገር የማላቀልል ሰው ነኝና ለንስሐ አባቴ ልጠይቅ ሄድሁ። ልጅቷ ማን እንደሆነች፣ አያቶቿ ምን ይበሉ እንደነበረ፣ ሻዩ በምን እንደሚቀርብ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ዳዊታቸውን አጠፉና «ትኩስ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባ፣ ትኩስ ነው።»

«እንግዲያ ሳይቀዘቅዝ ጠጪው» ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ጠጣሁ። ሙሉነሽም እኔን አይታ ጠጣች፤ መጀመሪያ ቀን ዓይኗን ጨፍና።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነውን የሰማሁትን ብቻ ልበል። ፊልሙ በየቀበሌው ዞረ። በየትምህርት ቤቱ የነገደ ልጅ ተለይቶ ታወቀ፤ ስሙም ጉማሬ ሆነ። ሹም አቦ ያሉት የሩቂያ አከራዮች፣ እነሱም እስላሞች ሆነው ሳለ፣ ክፍሉን ለዘመድ እንፈልገዋለን አሏት። የምስክር ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ የነበረው ልጅ ትምህርቱን ትቶ ወደ ታንኳ ተመለሰ። በዝምታ ሊያልፍ የነበረው ነገር በግድግዳ ላይ ተጽፎ ቀረ። ይህን ሁሉ አብዮቱ አላደረገውም፣ ንጉሡም አላደረጉትም፤ አንድ ሰው ለጭብጨባ ብሎ አደረገው። ፊልሙ ግን አዲስ አበባ ተወደደ፤ ጓድ ታምሩም ወደ አንድ ወዳጅ አገር ሊላክ ነው ተባለ።

የሩቂያ የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ጉዳዩ ለሠራተኛው ስብሰባ ቀረበ። በዚያ ዘመን የሻይ ቤት ቅጥር ሳይቀር በስብሰባ ነበር የሚወሰነው። አንዱ ተነሥቶ እኛ ጭቁን ሕዝቦችን እንወዳለን፣ ነገር ግን የጤና ጥያቄ አለ አለ። ሌላው ጓዷን በሌላ ዘርፍ እናሰማራት፣ ግቢ ትጥረግ አለ። ሁሉም ስለ ጉማሬው ያስባል፣ ማንም ጉማሬ የሚለውን ቃል አያወጣም። ሩቂያ ከኋላ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆማለች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ሊጨርስ የሚችል ሰው ነበር። ሥጋውን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ የበሬ ነው፣ ልጆቹም አልዋጡትም ቢል አለቀ። ጓድ ታምሩ ከፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ እስክሪብቶ ያሽከረክር ነበር።

እጄን አወጣሁ። በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም ነበር። አብሬ ነበርሁ፣ ሥጋው የበሬ ነው፣ ከሥጋ ቤት ሲገዛ አይቻለሁ፣ የጠቀለልሁትም እኔ ነኝ አልሁ። ሰብሳቢው ወደ ጓድ ታምሩ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለው።

ጓድ ታምሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሁለት እጆቹን አገናኝቶ በመስኮቱ አየኝ።

«ጓዶች» አለ፤ «እማሆይ ጾም ላይ ናቸው። ሥጋ በምን ይለያሉ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የምስክርነቴ ዕድሜ ያችው ናት። ተቀመጥሁ፤ እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ሳቁ ስላሞቀው ንግግር ጀመረ። ስለ እኩልነት፣ ስለ ጭቁን ብሔረሰቦች፣ ስለ ወጣቱ ብሩህ ተስፋ።

በንግግሩ መካከል ሩቂያ ከኋላ መጣች። በወንበሮቹ መሐል አለፈች፤ ሰው ቀሚሱን እየሰበሰበ አሳለፋት። አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዳችና እንደ ልማዷ ከወረቀቱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችለት፤ በቀኝ እጇ ጠጋ አደረገችው። ሰው ሁሉ ያያል። ፔርሙዙ ቢሮው ቀርቷል። ማምለጫ አልነበረውም፤ ብርጭቆውን አነሣው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነው የማልረሳው። ብርጭቆውን ይዞ ንግግሩን ቀጠለ። ስለ ወንድማማችነት ሲናገር ያነሣዋል፤ ደረቱ ድረስ ይደርሳል። አሁን ጠጣ ሲባል አንድ ሌላ ሐሳብ ይመጣለትና ዝቅ ያደርገዋል። ደግሞ ያነሣዋል፤ አገጩ ድረስ ያመጣዋል፣ እንፋሎቱ መነጽሩን ያደበዝዘዋል፤ «በተለይም ጓዶች» ይልና ይመልሰዋል። ያን ያህል ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም። እንፋሎቱ ሳሳ፤ ጠፋ። የሚናገረው ነገር አልቆበት መፈክር ማሰማት ጀመረ፤ ግራ እጁን አነሣ፣ በቀኙ ሻዩን እንደያዘ። በመጨረሻም ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከንፈሩ አልነካውም። አጨበጨቡለት።

ሩቂያ አልሄደችም ነበር። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። ሁልጊዜ ጓድ፣ አንተ ትለው የነበረች ልጅ ያን ቀን ወደ አንቱታ ተመለሰች።

«ጋሼ ታምሩ» አለችው፤ «እርስዎ ልጅ ሆነው ከደቅ ለትምህርት ሲመጡ በታንኳ ያሻገርዎ አባቴ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ጠማኝ ብለው አልቅሰው በአባቴ ቅል ውሃ ጠጥተዋል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ሲያወራ ደስ ይለው ነበር። የመሪጌታ ልጅ በቅሌ ጠጣ ይል ነበር።»

ሻዩ ላይ ያልታየ ድንጋጤ ያኔ ፊቱ ላይ መጣ። ግን እሱ ጓድ ታምሩ ነው፤ ቃል አያጣም። ወደ ሰው ዞሮ ፈገግ አለ።

«ሐይቁ የሁላችንም ነው» አለ።

ለዚያም አጨበጨቡለት።

ግቢ እንድትጠርግ ተወሰነ። ሩቂያ ውሳኔውን ቆማ ሰማች፤ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ማንቆርቆሪያው ላይ አስቀመጠችው፣ ወጣች። ቀዝቃዛውን ሻይ ማንም አላነሣውም። እኔ አነሣሁትና ሰው ሁሉ እያየ ጠጣሁት፤ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ነበርና ጾሜን አልሻረብኝም። በጣም ጣፋጭ ነበር። ለእሱ ስኳር ጨምራለት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፤ ከባሕር ዳር ልወጣ ስል፣ በመንገድ ዳር ስፌት ስትሸጥ። ታናሽ እህቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትሰፋለች። አንድ ስፌት መርጣ ሰጠችኝ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገርንም። አርባ ምንጭ ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ አለ። እንግዳ ሲመጣ ከየት ነው ይለኛል፤ የነገደ ሥራ ነው፣ ከጣና ነው እላለሁ።

ጓድ ታምሩ ወደ ወዳጅ አገሩ ሄዶ ተመለሰ፤ ሹመት አገኘ፤ መንግሥት ሲለወጥም ዜማውን ለውጦ ኖረ። ሙሉነሽ እንደነገረችኝ በሽምግልናው ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በየበዓሉ ከፊት ይቆም ነበር። ፈጣሪ ይቀበለው፤ ቅር አይለኝም። እሱ ከፈጣሪ ጋር ያለውን ነገር አሁን በአካል እየተነጋገረበት ይሆናል። እዚያ ጭብጨባ የለም።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ለሙሉነሽ መልሼ ደወልሁላት። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ሥጋው የበሬ መሆኑን ይናገር አልኋት። ሳቀች። «እናቴ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ለማን ይጠቅማል?» አለችኝ። የሰፈሩ ልጆች አሁንስ በትምህርት ቤት ምን ይባላሉ ብዬ ጠየቅኋት። ጉማሬ ነው የሚባሉት ወይ አልኋት። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እሱማ አዎ» አለች በኋላ።

እንግዲህ ሙሉነሽ፣ የጠየቅሽኝ ሁለት ገጽ ነበር፤ በዝቶብሻል። የምትቆርጪው ካለ ከላይ ቁረጪ። እኔን እማሆይ ማለቱን ቁረጪ፣ ፔርሙዙንም ቁረጪ፣ ሻዩንም ከፈለግሽ ቁረጪው። ይችን ብቻ አትንኪብኝ። ሥጋው የበሬ ነበር። ልጆቹም ተፍተውታል።